ጉልበቴ ላይ ሳር አጨሱልኝ፤ ለእናቴም ላድርግላት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ቻይና፣ ጓንዡ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ጉዞዬ ሺያኦቤይ ሰፈር ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ ማታ ላይ ግራ ጉልበቴ አላራምድ አለኝ። ዕቃ የምታቀርብልኝ ቻይናዊት እጄን ይዛ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ወፍራም ሻማ የሚያህል ሳር ለኮሱና ጉልበቴ አጠገብ ያዙት። ቆዳዬን አልነካኝም፤ ግን ሙቀቱ አጥንቴ ድረስ የገባ መሰለኝ። "ብርዱ ወጣልሽ" አለችኝ። እውነትም ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ። ሁለት ፓኮ ገዝቼ መጣሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። እግሯ ይደነዝዛታል፣ ሁልጊዜ "በረደኝ" ነው የምትለው። ላድርግላት? ለመሆኑ ይሄ ነገር ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?
ት.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፓኮውን ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ ይክተቱት። ለእናትዎ አይሆንም። ለምን እንዳልኩ እመለስበታለሁ።

ያደረጉልዎት ነገር በቻይንኛ "ጂዩ" ይባላል። ሌላው ዓለም "ሞክሳ" የሚለው "ሞጉሳ" ከሚለው የጃፓንኛ ቃል ወስዶ ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ አራት ዓመት ስማር ከመርፌው ይልቅ ቀልቤን የሳበው ይሄ ጭስ ነው። የጂዩ ፊደል ራሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ከላይ "ረጅም ጊዜ"፣ ከታች "እሳት"። እኛ አኩፓንክቸር የምንለውንም እነሱ "ዠንጂዩ" ይሉታል፣ መርፌና እሳት ማለት ነው። ፈረንጅ መርፌውን ወሰደና እሳቱን ረሳው።

ሳሩ "አይጻኦ" ይባላል። የእኛ የጭቁኝና የአሪቲ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ በመጨረሻ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ነገር ይቀራል። የቆየው ይመረጣል። ጥንት ሜንግዚ የሚባለው ፈላስፋ ለሰባት ዓመት በሽታ የሦስት ዓመት አይጻኦ ስለሚፈልግ ሰው ጽፏል። አንዳንድ ሰው ደግሞ "የወባ መድኃኒት የወጣበት ሳር አይደል እንዴ?" ይለኛል። አይደለም። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮውዮው በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው) ኖቤል የተሸለሙበት ግኝት፣ ዛሬ ኮአርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ የመጣው ከዚህ ሳር የአጎት ልጅ ነው። ስሙ "ቺንግሃኦ" ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የቻይና ባህላዊ ሐኪም ቢጠይቁት የሚሰጥዎት መልስ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ብርድና እርጥበት መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ "ቺ" (ሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚሉት ኃይል) እና ደም የሚሄዱበትን መንገድ ዘግቷል፤ እሳቱ "ያንግ" የሚሉትን የሙቀት ኃይል ያነቃል፣ መንገዱን ይከፍታል ይልዎታል። "ጉልበቴን ብርድ ገብቶበት ነው" ስትል የኖረችው አክስቴ ቲያንጂን ብትሄድ ያለ አስተርጓሚ ትግባባ ነበር። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በ1973 ቻንግሻ አጠገብ ማዋንግዱይ ከሚባል መቃብር በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ተገኝተዋል። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። ከነሱ ስለ እነዚሁ የሰውነት መንገዶች የሚያወሩት በየመንገዱ ላይ እሳት አድርግ ይላሉ፤ መርፌ አያነሱም።

አካል ከፍተው ያዩ ሰዎች ግን የቺ መንገድ የሚባል ቧንቧ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው። ቆዳችን ውስጥ ሙቀት የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ከነሱ ላይ አንዱ "በር" 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈትና ለአእምሮ "አቃጠለኝ" ይላል። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለንም በዚያው በር ነው፤ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ኖቤል ያገኙት እሱን በማግኘታቸው ነው። ጉልበትዎ አጠገብ ያ ፍም ሲያዝ ቆዳው ይሞቃል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ቦታው ይቀላል። የተጨበጠው ጡንቻ ይላላል፣ የሙቀቱ ስሜትም የሕመሙን ይሸፍናል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው ሃያ ደቂቃ ጋደም ብለዋል። እሱንም አይናቁት።

ከሙቀት ያለፈ ነገር አለው ወይ? ብዙ የተፈተነው ለጉልበት ሳይሆን፣ አያምኑም፣ በእግሩ ወይም በመቀመጫው ለሚመጣ ፅንስ ነው። ፍሙን የሚይዙት ነፍሰ ጡሯ ትንሿ የእግር ጣት ጥፍር ጥግ ላይ ነው። በ1998 በወጣ ጥናት ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር 260 የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች ተሳትፈው ነበር። ከተደረገላቸው 130 ሴቶች የ98ቱ ፅንስ በጭንቅላቱ ዞረ፤ ካልተደረገላቸው 130 ደግሞ የ62ቱ። ደስ ይላል። በኋላ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ሲሞከር ግን ያ ልዩነት አልታየም። በ2023 ጥናቶቹን ሁሉ አንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎች ከመደበኛው ክትትል ጋር ሲሆን ሳይረዳ አይቀርም ብለዋል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወልዱትን ቁጥር ግን ብዙም ሳይለውጥ አይቀርም ብለዋል። የጉልበቱ ጥናቶች የበለጠ ያስቸግራሉ፤ ለማነጻጸር አንዱ ወገን ሳያውቅ የውሸት ሕክምና ማግኘት አለበት። ፊት ለፊትዎ ምንም ሳይጨስ "እውነተኛው ሕክምና ነው የደረሰኝ" ብሎ ማን ይታለላል?

አሁን የራሴን ልንገርዎ። የቲያንጂን ክረምት አይጣል ነው። አከራዬ፣ ሰባ ያለፋቸው ሴትዮ፣ ከጉልበቴ በታች አራት ጣት ይለኩና "ዙሳንሊ" የሚባለው ነጥብ ላይ ይይዙልኝ ነበር። ሲሞቀኝ ፊቴን አይተው ያውቃሉ፣ ከፍ ያደርጉታል። አንድ ቀን ደግሞ ክሊኒክ ሄድኩ። ተለማማጁ ልጅ በአንድ እጁ ፍሙን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። አቃጠለኝ ለማለት አፈርኩ፤ ይሉኝታ። ማታ ውሃ ቋጠረ፣ ዛሬም የአምስት ሳንቲም የሚያህል ጠባሳ አለኝ። ለነገሩ ጥንት ሆን ብለው ያቃጥሉ ነበር፤ ቦታው ሲመግል ሕክምናው ሠራ ይባላል። የእኛን መተኮስ ያየ ሰው አይገርመውም።

ለራስዎ ጉልበት ከሆነ አልከለክልዎትም። ከቆዳው ሦስት ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ቀላ እስኪል ብቻ። አንድ ጣትዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ፤ ጣትዎን ካቃጠለው በዝቷል። መስኮት ይክፈቱ፤ ጭስ ጭስ ነው፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ ይቅርብዎት። ሲጨርሱ ጫፉን አሸዋ ውስጥ ይቅበሩት፤ የጠፋ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ጉልበትዎ ካበጠና ራሱ የሚግል ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

እናትዎ ጋ ስንመጣ፣ ያ "አቃጠለኝ" የሚለው በር ነው ችግሩ። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግር ነርቭ ይጎዳል። አከራዬ ፊቴን አይተው ነበር እሳቱን የሚያርቁት፤ የእናትዎ ፊት ምንም አያሳይዎትም። ቆዳው እየበሰለም "ደህና ነው፣ አስጠጊው" ሊሉዎት ይችላሉ። የስኳር ታማሚ እግር ላይ ያለ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። የሞቀ ውሃ በላስቲክም፣ እግርን ከሰል ምድጃ ላይ ዘርግቶ መሞቅም ያው ነው፤ አይሆንም።

ዛሬ ማታ በእጅዎ ጀርባ እግራቸውን ይንኩት። "በረደኝ" እያሉ ለእርስዎ የሚሞቅዎት ከሆነ ነርቩ ሊሆን ይችላል። ለእርስዎም የሚቀዘቅዝዎት ከሆነ፣ በተለይ ሲሄዱ ባታቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ የደም ሥር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ አይጠብቁ። የጥጥ ካልሲ ያድርጉላቸው። ውስጥ እግራቸውንና በጣቶቻቸው መሃል በየማታው ይዩላቸው። ሐኪም ጋ ሲሄዱም ጫማቸውን ያስወልቋቸውና እግራቸው ስሜቱን አጥቶ እንደሆነ በቀጭኗ የናይለን ክር እንዲፈተሽ ይጠይቁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።