የተደፈነ የወጥ ቤት ቱቦ፦ ኬሚካል ይጨመርበት ወይስ ሲፎኑ ይፈታ?

ጥያቄ፦ የወጥ ቤታችን ዕቃ ማጠቢያ ውኃ ማሳለፍ ካቆመ ሰነባብቷል። ከሱቅ የገዛሁትን ኮስቲክ ሶዳ ስጨምርበት ለአንድ ቀን ቀለል ብሎ መልሶ ተደፈነ። አሁንም ውኃው እንደቆመ ነው። መጠኑን ጨምሬ ልድገመው ወይስ የቧንቧ ሠራተኛ ልጥራ?
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ አይድገሙት። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙናነት ለውጦ ያሟሟል፤ የቡና አተላን ግን እምብዛም አይነካውም፤ የወጥ ቤት ቱቦን የሚደፍነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በወጥ ቅባት የተለወሰ አተላና ፍርፋሪ ነው። ለአንድ ቀን የቀለለልዎት ኬሚካሉ በቆሻሻው መካከል ጠባብ መተላለፊያ ስለከፈተ እንጂ ቱቦው ስለጸዳ አይመስለንም። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ኃይለኛ ሙቀት ስለሚያወጣም የፕላስቲክ ቱቦን ሊያጣምም ይችላል፤ ሳይሟሟ ከቅባቱ ጋር ከተጋገረ ደግሞ ጠጥሮ መዘጋቱን ያብሰዋል።

የሚሻለው ሲፎኑን፣ ማለትም ከማጠቢያው ሥር ያለውን ጠምዛዛ ቱቦ፣ መፍታት ነው። ሆኖም በማጠቢያው የቆመው ውኃ አሁን ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል መሆኑን አይዘንጉ። ሠራተኛ ከጠሩ፣ ኬሚካል መጨመርዎን ገና ሥራ ሳይጀምር ይንገሩት፤ ይህን ሳያውቅ ከሥር ተንበርክኮ ሲፎን የሚፈታ ሰው ፈሳሹ ፊቱ ላይ ሊወርድበት ይችላልና ዝም ማለት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። በጎማ ፓምፕ መግፋቱም ስለሚያስፈነጥር ለጊዜው ይቅር። ራስዎ የሚፈቱት ከሆነ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገው ከሥሩ የፕላስቲክ ባልዲ ያስቀምጡ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ የአሉሚኒየም ዕቃ አይጠቀሙ። ፈሳሹ ከነካዎት ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ውኃ ታጥበው ወደ ሕክምና ይሂዱ። አሲድ ወይም በረኪናም አይጨምሩበት፤ አሲድ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ፈልቶ ይረጫል፣ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ሲፎኑን ካወረዱ በኋላ ውስጡን በአሮጌ ብሩሽ ፈግፍገው ያጥቡት፤ ሲመልሱት የጎማ ቀለበቱ በቦታው ካልተቀመጠ ያንጠባጥባል። ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ መዘጋቱ ወደ ውስጥ ነውና የቱቦ መክፈቻ ስፕሪንግ እያሽከረከሩ ማስገባት ያስፈልጋል።

የመታጠቢያ ቤቱ ውኃም አብሮ የሚቆም ከሆነ ማንሆሉን ያስፈትሹ። ፍሳሽዎ ወደ ሴፕቲክ ታንክ የሚገባ ከሆነ፣ ተደጋግሞ የሚጨመር ኬሚካል በውስጡ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ታንኩ ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ በመኪና ማስመጠጥ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።