ላስ ቬጋስ ላይ ግቢ ስታጸጂ፦ ጥረጊው እንጂ አትላጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቻለሁ። ላስ ቬጋስ ቤት ገዝተሽ የመጀመሪያው ሙቀት አለፈ፣ ግቢው በአረምና በደረቀ ቅጠል ተሞላ፣ ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) በኦክቶበር «አጽጂ» የሚል ደብዳቤ ላከብሽ፣ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ «ሁሉንም ከሥሩ ልቁረጠውና ጠጠሩ ብቻ ይቅር» አለሽ። አታስቆርጪ! እዚህ በረሃ ላይ ግቢ የሚገድለው ያለ ወቅቱ ያረፈ መቀስ ነው። ደረቀ ብለሽ ከምታይው ብዙው አልሞተም።

1. በአረሙ ጀምሪ፤ የኤችኦኤው ሰዎች ፎቶ የሚያነሱትም እሱን ነው። ከሁሉ የሚብሰው መሬት ላይ ተነጥፎ ትንንሽ ቢጫ አበባ የሚያወጣው ኩርንችት ነው፤ ፍሬው የብስክሌት ጎማ ይበሳል፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ብሎወር (ቅጠል በንፋስ የሚገፋውን ማሽን) አታስነኪው፣ ዘሩን በግቢው ሁሉ ይበትነዋል። ዋና ሥሩን ከአፈር ትንሽ ዝቅ አድርገሽ በቢላ ቁረጪና ተክሉን እንዳለ ከረጢት ውስጥ ክተቺ፤ የረገፈውን እሾህ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ዘርግተሽ በላዩ ብትረግጪ ይለቅምልሻል። ከዚያ ዘር እንዳይበቅል የሚከለክለው መድኃኒት አለ፣ ሱቆች ፕሪ ኢመርጀንት የሚሉት። የበቀለውን አይገድልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ንቀይ፣ ከዚያ በትኚ። ለብርዱ ወራት አረም ጊዜው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፣ ለሙቀቱ አረም ፌብሩዋሪ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ መድኃኒቱ ግማሽ ኢንች ያህል ውሃ ካላገኘ አፈር ውስጥ አይገባም፣ ጠጠሩ ላይ እንዳለ ይበላሻል። ድሪፑ (ለየተክሉ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥበው ቱቦ) ጠጠሩን አያጠጣም፤ በውሃ ጎማ ራስሽ አጠጪው። ከጠጠሩ ሥር ጨርቅ እናንጥፍ ለሚሉሽ እንቢ በይ። ንፋሱ አቧራ ያመጣል፣ አረሙም ከጨርቁ በላይ ይበቅላል።

2. ውሃው። ከኖቬምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ማጠጣት የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ለአድራሻሽ በተመደበው ቀን፤ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሦስት ቀን ነው። ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ታይመር ኖቬምበር 1 ላይ አስተካክዪ፣ ባትሪውንም አብረሽ ቀይሪ፤ ባትሪው ከሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሮግራሙ ሊጠፋ ይችላል። የድሪፑን መስመር ጫፍ ክፈቺና ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ልቀቂው፣ ፊልተሩን አውጥተሽ እጠቢ። ውሃችን ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ ጠብታ የሚያወጡት ኢሚተሮች በእሱ ይደፈናሉ። የተደፈነውን በመርፌ አትጎርጉሪ፣ ቀዳዳው ይሰፋና መጠኑ ይዛባል። በሳንቲም የሚገዛ ነገር ነው፣ ቀይሪው። ዛፉ ካደገ ደግሞ ኢሚተሩን ከግንዱ አርቀሽ ቅርንጫፉ የሚያበቃበት ጥላ ጫፍ ላይ አድርጊ። ግንዱ ሥር ብቻ የሚጠጣ ሜስኪት (የአፋርን ግጦሽ የወረረው ፕሮሶፒስ ዘመድ ነው) ሥሩን አይዘረጋም፣ በጁላይና ኦገስት የዝናብ አውሎ ይገነደሳል።

3. መቁረጥ። ላንታናሽ፣ አገር ቤት የወፍ ቆሎ የምንለው፣ ውርጭ ሲመታው ጭራሮ ይሆናል። ቡገንቪሊያውም እንደዚያው። ያ ጭራሮ ለሥሩ ብርድ ልብስ ነው። አሁን ብትቆርጪው አዲስ ለጋ ያወጣል፣ ለጋውን የዲሴምበር ውርጭ ያቃጥለዋል፣ ደጋግሞ ሲቃጠል ሥሩ ይደክማል። ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተሽ ቁረጪው፤ በሜይ ግቢሽን ይሞላዋል። ሳርሽም ቤርሙዳ ከሆነ በብርድ ቢጫ ሆኖ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ልታስነሺው ካሰብሽ የውሃ ባለሥልጣኑ ለሚነሳ ሳር ገንዘብ ይሰጣል፤ ግን ሳሩ ሳይነቀል አመልክተሽ መጥተው ማየት አለባቸው። ቀድመሽ ከነቀልሽ ገንዘቡ ቀረ።

ዛፍ ላይ ከቅጠሉ ሩብ በላይ በአንድ ጊዜ አታስነሺ። ቅጠሉ የግንዱ ጥላ ነው፤ የፓሎ ቨርዴ ወይም የሎሚ ዛፍ ግንድ በድንገት ለምዕራብ ፀሐይ ከተጋለጠ ልጡ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ነቀዝ ይገባል። አናቱን ደፍጥጦ መቁረጥ፣ ወይም ውስጡን አራቁቶ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል መተው፣ «ንጹህ» ስለሚመስል ነው የሚሠሩት። ሠራተኛው ተከፍሎት ይሄዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው በሚቀጥለው ጁላይ ነው። ዘንባባ ላይ የሚወርደው ቡናማ የሆነው ብቻ ነው፤ አረንጓዴ የሆነውን፣ ከአግድም በላይ የቆመውን አታስነኪ። የደረቀ ቅጠል እንደ ቀሚስ የተከመረበት ረጅም ዘንባባ ከሆነ በመሰላል የሚወጣ ሰው አትቅጠሪ። ክምሩ ሲንሸራተት ሥሩ ያለውን ሰው አፍኖ ይገድላል። ሊፍትና ኢንሹራንስ ያለው ይምጣ፣ መጋዙንም ከሌላ ዘንባባ ወደ ያንቺ ሲያመጣ በበሽታ መከላከያ ይጥረገው።

ደብዳቤውን አትፍሪው። ጽሑፉን የሚልኩት ላንታናን ከአረም የማይለዩ ናቸው፤ ብትደውዪ ያንጓጥጡሻል፣ ስለዚህ በስልክ አትከራከሪ። በኔቫዳ ሕግ ምዕራፍ 116 መሠረት ከመቅጣታቸው በፊት ጥፋቱ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚስተካከል በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቀርበሽ የምትሰሚበት ቀጠሮም መስጠት አለባቸው። አረሙን በዚህ ሳምንት ንቀይ፣ የወደቀውን ቅጠል ጥረጊ፣ ከዚያ ከበፊትና ከኋላ ፎቶ ጋር በኢሜይል ጻፊ፦ «አረሙ ተነስቷል። ላንታናው አረም አይደለም፣ በማርች ይከረከማል።» መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ አስቀምጪው።

የጠረግሽውን ወደ መንገድ አትንፊው። የመንገዱ ጎርፍ ሳይጣራ ወደ ሜድ ሐይቅ ይወርዳል፣ የምንጠጣውም ከዚያ ነው። ኦሊያንደር ካለሽ (ረጅም ቅጠል፣ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ) ሁለመናው መርዝ ነው፤ በጓንት ቁረጪ፣ ጭራሮውን ለከሰል ማቀጣጠያ አታስቀምጪ፣ ጭሱም ይመርዛል። የድሪፑ ቫልቭ ያለበትን፣ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ሳጥን ክዳን በባዶ እጅ አታንሺ። ሆዷ ላይ ቀይ ምልክት ያላት ጥቁር ሸረሪት እዚያ ውስጥ መኖር ትወዳለች፤ ጊንጥም ከድንጋይና ከወደቀ ዝንጣፊ ሥር ይውላል። ክዳኑን በረጅም ጠመንጃ መፍቻ አንሺና ውስጡን በባትሪ አይተሽ ነው እጅሽን የምትሰጂው።