መልስ፦ ደረጃ 2 ያለው ትምህርት ቤት ደረጃ 3ን እንዴት በለጠ?

ድሬዳዋ ውስጥ ደረጃ 2 ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በ12ኛ ክፍል ፈተና ደረጃ 3 ካለው ከበለጠ ደረጃውን ወይስ የፈተናውን ውጤት እንመን ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱ የሚለኩት ነገር ይለያያል። ደረጃው በሚሰጥበት ምዘና፣ በኢንስፔክሽን፣ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2 ነው፤ 70 ሲሞላ 3 ይሆናል። እናም 69 እና 71 ያገኙት በደረጃ ቢለያዩም በተግባር እኩል ናቸው። የሦስቱን ነጥብ ለየብቻ፣ ከተመዘነበት ዓመት ጋር፣ ርዕሰ መምህሩን ወይም ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን) ይጠይቁ።

«10 በመቶ አሳለፈ» ሲባልም ስንት ተማሪ እንደተፈተነ ይጠይቁ። ከ40 ተፈታኝ 4 ቢያልፉ 10 በመቶ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቢወድቅ ግን 7.5 ይሆናል። እኔ ይበልጥ የማምነው የሦስት ተከታታይ ዓመት ውጤትን ነው፤ ያውም ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስ ተለይቶ። የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ዓመቱን ሙሉ መኖሩን ሳያረጋግጡ፣ እባክዎ ልጅዎን አያስመዝግቡ።