ብዙ ታማሚ ያሳወቀው ወረዳ

በቅርቡ በአንድ ክልል ጤና ቢሮ በበሽታዎች ቅኝት፣ ማለትም በሽታ የት እንደታየ በመከታተል ሥራ ላይ የተመደበች ወጣት ባለሙያ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። በየወረዳው ሪፖርት የተደረጉትን የወባ ሕሙማን በካርታ አስቀምጣ፣ ቁጥሩ የበዛባቸውን ወረዳዎች በደማቅ ቀይ ቀብታ ለአለቃዋ ብታሳየው፣ «ቀያዮቹ ስለ ድክመታቸው ማብራሪያ እንዲያቀርቡ ደብዳቤ ይጻፍላቸው» ብሏታል። የጠየቀችኝ ደብዳቤውን በምን ዓይነት ቃል ብትጽፈው እንደሚሻል ነበር። እኔ ግን ጥያቄዋን እንዳነበብሁ ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ የግምገማ መድረክ ትዝ አለኝ። ስለዚህ መልሱን በዚህ ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች ሁሉ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ዘመኑ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ወይናደጋው የወጣበት፣ ፋንሲዳር የሚባለው የወባ መድኃኒትም እየተዳከመ የመጣበት ጊዜ ነበር። እኔ በአንድ ዞን ጤና መምሪያ ከየወረዳው የሚመጣውን ሪፖርት እየደመርሁ ወደ ክልል የማስተላልፍ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ሪፖርቱ በወረቀት ተሞልቶ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመጣል፤ ረዳቱ ከረሳው ወረዳው ለዚያ ሳምንት እንደሌለ ይቆጠራል። በዞናችን ውስጥ አንድ ወንዝ የሚያዋስናቸው ሁለት ወረዳዎች ነበሩ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ወረዳ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወባ ሕሙማንን ያሳውቃል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ፣ ቢበዛ ሦስት ወይም አራት ይልካል።

በግምገማው ቀን የየወረዳው ቁጥር በትልቅ ወረቀት ላይ በዘንግ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መድረኩን የሚመሩት ኃላፊ የወንዝ ማዶውን ተወካይ አስነሥተው አመሰገኑት፤ ተጨበጨበለትም። ቀጥለው የወዲህኛውን ወረዳ ተወካይ አስነሡ። ይህ ሰው በሙያው ሳኒቴሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ፊደል የጠራ፣ ሪፖርቱን አንድ ቀን እንኳ አዘግይቶ የማያውቅ። «አንተ ምን እየሠራህ ነው ወባ እንዲህ የሚጫወትብህ?» ተባለ። እሱም ከቦርሳው የጤና ጣቢያውን የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ግልባጭ አውጥቶ፣ «እባካችሁ የአድራሻውን ዓምድ እዩልኝ» አለ።

ዓምዱን ያየነው ከእሱ አጠገብ የተቀመጥን ጥቂቶች ነን። ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት ከወንዙ ማዶ ካሉ ቀበሌዎች የመጡ ነበሩ። የማዶው ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያውም ተዛውሮ ምትክ አልተላከለትም። ስለዚህ እዚያ ትኩሳት የያዘው ሰው አቅም ካለው ወንዙን ተሻግሮ እኛ «ደካማ» ወዳልነው ወረዳ ይመጣል፤ አቅም ከሌለው ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ተብሎ ይቀራል። በደም ምርመራ የተረጋገጠ ወባ ስለሌለ የማዶው ሪፖርት ዜሮ ይላል፤ ዜሮውም ሐሰት አልነበረም። ሳኒቴሪያኑ ይህን በተረጋጋ ድምፅ ማስረዳት ጀምሮ ሳለ፣ ሰበብ እንዳያበዛና ጊዜ እንዳያባክን ተነግሮት ተቀመጠ። መዝገቡን አጥፎ ወደ ቦርሳው ሲመልስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። በሚቀጥሉት ወራት የዚያ ወረዳ ቁጥር እየቀነሰ መጣ። በቀጣዩ ግምገማም «የታየ መሻሻል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ቁጥሩን ማን እንደቀነሰው፣ ሳኒቴሪያኑ ይሁን ከበላዩ ያሉት፣ አላወቅሁም፤ ወባው ግን አልቀነሰም ነበር። መድኃኒት ለየወረዳው የሚከፋፈለው በሪፖርቱ መጠን ስለነበር፣ ዝናቡ አቁሞ የወባው ወቅት ሲገባ ከሁሉም አስቀድሞ መድኃኒት ያለቀበት ይኸው የተሻሻለው ወረዳ ሆነ። ሰውየው በዓመቱ ሥራውን ለቆ በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፈተ። በዞኑ ውስጥ የአድራሻውን ዓምድ የሚያነብ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ከሄደ በኋላ ማንም አላነበበውም።

በዚያው መምሪያ በወጣትነታቸው በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የተሳተፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ ይዘው ከገበያ ገበያ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ሲያወሩ አይጠገቡም ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳወቀችው የፈንጣጣ ሕሙማን ቁጥር 722 ነበር፤ ዘመቻው በተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1971 ቁጥሩ 26,329 ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስድስት እጥፍ አላደገም፤ ፈላጊ አገኘ እንጂ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ቁጥሩ ለበዛበት ሁሉ የማብራሪያ ደብዳቤ ቢጻፍ ኖሮ፣ የመጨረሻው የአገራችን የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባልተመዘገበ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሪፖርት በሰዓቱ ስለመላክና ስለ ሪፖርት ሙሉነት በሥልጠና የሰማችሁትን አልደግምባችሁም። ይልቅስ ከፖሊዮ ቅኝት አንድ ነገር ውሰዱ። ከ15 ዓመት በታች በሆኑ 100,000 ልጆች መካከል ፖሊዮ ባይኖርም እንኳ በሌላ ምክንያት ድንገት እጅ ወይም እግሩ የሚዝል ልጅ በዓመት ቢያንስ አንድ መገኘት አለበት ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ያህል ያላገኘ ዞን አይመሰገንም፤ ፍለጋው ይጠረጠራል እንጂ። ለወባ፣ ለኩፍኝ፣ ለማጅራት ገትር ሲሆን ይህን አስተሳሰብ ለምን እንደምንጥለው አይገባኝም።

ስለ ዛሬ ወጣቶች የታዘብሁትን ብናገር ቅር አይበላችሁ። ከስክሪን ላይ ዓይናችሁን አታነሡም። ቁጥሩ ከኮምፒዩተር ስለወጣ ብቻ የተጣራ ይመስላችኋል፤ የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ገልጣችሁ የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ይህን ስል ግን የእኛ ዘመን የተሻለ ነበር ማለቴ አይደለም። እኛ መዝገቡን በእጃችን ይዘን ነው ያላየነው፤ እናንተ ደግሞ የሕሙማን ዝርዝር በመኖሪያ ቀበሌ ተለይቶ ከተሞላላችሁ፣ ያ ሰው በቦርሳ ተሸክሞት የመጣውን ማስረጃ በደቂቃ ውስጥ ታወጡታላችሁ። ካርታ መሥራትን እቃወም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በሕክምና ቦታና በመኖሪያ ቦታ የተሠሩ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ኖሮ ያ ጭብጨባ አይሰማም ነበር።

ለጠየቀችኝ እኅቴም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ደብዳቤውን አትጻፊው። አለቃሽ ከጸና ግን፣ «በወረዳችሁ ስንት ሰው ተመርምሮ ስንቱ ተገኘበት? የመመርመሪያ ኪቱ ያለቀባችሁ በየትኛው ሳምንት ነው? ከመጡት ስንቱ የሌላ ወረዳ ነዋሪ ነው?» የሚል ጥያቄ አድርጊውና ለቀዩም ለነጩም ወረዳ እኩል ላኪው። ሪፖርት ያልላከን ወረዳ ዜሮ ከላከው ጋር በአንድ ቀለም አትቀቢ። ወረዳን ከጎረቤቱ ይልቅ ከራሱ ያለፉት አምስት ዓመታት ጋር ማነጻጸር ይሻላል፤ የወባ መመሪያችንም የእያንዳንዱን ሳምንት የአምስት ዓመት ቁጥር ደርድሮ ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር የወረርሽኝ መነሻ አድርጎ የሚወስደው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያለፉት ዓመታት ቁጥር በተግሣጽ የተቀነሰ ከሆነ፣ እውነቱን መጻፍ የጀመረ ወረዳ ወረርሽኝ የተነሣበት መስሎ ይታያል።

የሕዝብ ቁጥሩም ያው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እየተገመተ የመጣ ነው፤ ሰው በተፈናቀለበትና አዲስ ከተማ በበቀለበት ወረዳ ከ100,000 ሰው ስንቱ ታመመ የሚለው ስሌት ከታማሚው ቁጥር ይልቅ በሕዝቡ ግምት ስሕተት ሊዛነፍ ይችላል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ስለተከፈለ፣ ክልሎችን በዓመታት መካከል ማነጻጸር ከፈለግሽ ከክልል ድምር አትነሺ። እያንዳንዱን ወረዳ ለብቻው ይዘሽ፣ ወረዳውም ራሱ ተከፍሎ እንደሆነ አጣርተሽ፣ ድምሩን ራስሽ ሥሪው። አሰልቺ ነው፤ እኔ ስሠራው ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ። በዚያ መካከል የሪፖርቱ ቁጥር ድንገት የወደቀበትን ወረዳ ስታገኚ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከመደወልሽ በፊት ለጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ደውዪ።