ይቅር ካልኳት ካዝናውንም ላስረክባት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ትንሽ የዳቦና ኬክ ቤት አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ በገንዘብ ተቀባይነት ቀጠርኩ። ያገናኘችን የጽዋ ማኅበራችን እኅት ናት። ሲቪዋ ላይ ስምንት ወር ክፍት ነበርና ስጠይቃት «እናቴን ሳስታምም ነበር» አለችኝ። አሁን ከሰው እንደሰማሁት ግን ሌላ ቤት ሠርታ በሒሳብ ጉድለት ተሰናብታ ነው። ለእሷ ምንም አላልኳትም። ይቅር ብዬ ዝም ልበል? ወይስ ባሰናብታት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ «ይቅር ብዬ ዝም ልበል» ብለሻል። ሁለቱን አንድ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ይህን ከባለሱቁም፣ ከባለትዳሩም፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢውም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዝም ካሉ ይቅር ያሉ ይመስላቸዋል።

እስቲ ዝምታሽን እዪው። ማታ እሷ ከሄደች በኋላ መሳቢያውን ደግመሽ አትቆጥሪም? ስልክ ስታወራ ጆሮሽ አይቆምም? ነገ መቶ ብር ቢጎድል መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ማንን ነው? ይህ ቂም ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። የሠራተኛውን ምሥጢር ይዘው ዝም ይሉና ደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቅ «ያንተን ጉድ እኮ አውቃለሁ» ይሉታል። ምሕረት ያደረጉ መስለው ሰውን በገመድ አስረውታል።

ጌታችን «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ነው ያለው (ማቴ. 18፥15)። ዝም በለው አላለም። አንቺ ወሬውን ካመጣልሽ ሰው ጋር ተነጋግረሻል፤ እኔንም ጠይቀሻል። ያልጠየቅሽው እሷን ብቻ ነው።

ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ በሉ። ሌላ ሠራተኛ አይኑር። የሰማሽውን በግልጽ ንገሪያት። እያወቅሽ እንደማታውቅ ሆነሽ «ከዚህ በፊት የት ነበርሽ?» አትበያት፤ ዳግመኛ እንድትዋሽ መጋበዝ ነው። ከዚያ አስጨርሰሽ ስሚያት። ኒቆዲሞስም ለፈሪሳውያን ሕጋችን አስቀድሞ ከሰውየው ሳይሰማ ይፈርዳልን ብሏቸዋል (ዮሐ. 7፥51)። የካዝናን ነገር አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንዱን መሳቢያ ሦስት ሰው ይነካካውና ጉድለቱ የፈረመችው ልጅ ላይ ይወድቃል። በእውነት ወስዳም ሊሆን ይችላል። ሳትሰሚያት የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ውሸቷን ግን አላቃልለውም። በእናት ሕመም መዋሸት ከባድ ነው። «ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ» ብትልሽ ደስ ይበልሽ፤ ሆኖም የዋሸችው አንቺን ነውና እውነቱን ለአንቺም መናገር አለባት። ቅዱስ ጳውሎስ ባሪያውን አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ያለፈውን አልሸፈነለትም። አስቀድሞ የማይጠቅም እንደነበር ጻፈ፤ ዕዳ ካለበትም «ይህን በእኔ ላይ ቍጠር» አለ (ፊልሞና ቁ. 18)። ምሕረት የለመነለት ጥፋቱን ሳይደብቅ ነው።

ማሰናበቱስ? በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይቅርታ ለማንም የማትከለክይው ነው። ካዝና ግን የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው፤ እምነት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እውነቱን ከተናገረችና ልቧ ከተሰበረ፣ ሒሳቡን ለሌላ ሰጥተሽ እሷን መስተንግዶ ላይ ብታቆያት እኔ ደስ ይለኛል። ዐይንሽን እያየች ደግማ ከዋሸችሽ ግን አሰናብቻት፤ አትጨነቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተደረገ እስከ 60 የሥራ ቀን ስለሚደርስ፣ ገና በዚያ ውስጥ ናችሁ። ውሉን አውጥተሽ እዪው፤ ሕግ የሚያውቅ ሰውም ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የሠራችበትን ቀን ደመወዝ እስከ ሳንቲሟ ክፈያት። «ዋሽታኛለችና አልከፍልም» የሚል ክርስቲያን አጋጥሞኛል። የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ቅዱስ ያዕቆብ ጽፏል (5፥4)፤ የሠራተኛው ውሸት ያን ጩኸት አያስቀረውም። ለሌሎች ዳቦ ቤቶችም እየደወልሽ ስሟን አታጥፊ። አዲስ ቀጣሪ መጥቶ ከጠየቀሽ ራስሽ ያየሽውን ብቻ ንገሪው፤ የሰው ወሬ አትጨምሪበት።

ያገናኘችሽን የማኅበር እኅትም አትቀየሚያት፤ ጉዳዩን ላታውቅ ትችላለች። ልትነግሪያት ከፈለግሽ መጀመሪያ ከልጅቷ ጋር ጨርሺ። ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ጠበል ጠዲቁ ቀርቦ ሁሉም እየሰማ ግን አታንሺው።