ጥያቄና መልስ፦ ጠዋት ጠዋት አልነሣ የሚል ክሪስታል

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ለሚሠራ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። ኤቲሜጋ 328ፒ (ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ)፣ የቺፑን ክሎክ የሚመታ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አለው፤ 5 ቮልቱን ያለ ባትሪ ከሶላር ያገኛል። ቤት ውስጥ እንከን የለውም። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ጠዋት አይነሣም፤ ክሪስታሉን በጣቴ ስነካው ይነሣል። ክሪስታሉን ብቀይረውም ያው ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በጣት ሲነኩት የሚነሣ ኦሲሌተር (ክሪስታሉን የሚያንቀጠቅጠው ወረዳ) ጉልበቱ አፋፍ ላይ ያለ ነው፤ ጥቂት ሲጎድልበት ይቆማል። ሌላ ክሪስታል አይግዙ።

ከሁሉ አስቀድመው ቦርዱን ያጽዱ። ከብየዳ የቀረ ፍላክስ የሐይቁን የሌሊት እርጥበት ሲጠጣ፣ ከክሪስታሉ እግሮች ወደ ግራውንድ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። የኦሲሌተሩ መግቢያ ቮልቴጁን የሚያገኘው በጣም ከፍተኛ በሆነ ሬዚስተር በኩል ስለሆነ ትንሽ ፍሳሽም ያዛባዋል። በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይሹት፤ በደንብ ሲደርቅ የአክሪሊክ መከላከያ ይርጩበት። ሳይደርቅ ከረጩ እርጥበቱን ውስጥ አምቀው ያስቀሩታል።

ፀሐይ ቀስ እያለች ስትወጣ ቮልቴጁም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ይህ ቺፕ ደግሞ በ16 ሜጋኸርዝ ለመሥራት 3.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብራውን አውቱን (ቮልቴጁ ሲያንስ ቺፑን አቁሞ የሚይዘውን) 4.3 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ በፊውዙም (በቺፑ ውስጥ ባለው የቅንብር ቢት) ኦሲሌተሩን ከሎው ፓወር ወደ ጠንካራው ፉል ስዊንግ ቀይረው የ65 ሚሊሰከንዱን መዘግየት ይምረጡ።

ካፓሲተር በልማድ አይመረጥም። ከክሪስታሉ የሎድ ካፓሲታንስ (ክሪስታሉ የተሠራለት የካፓሲታንስ ጭነት) ላይ ለመስመሮቹና ለእግሮቹ 5 ፒኮፋራድ ያህል ቀንሰው በ2 ያባዙ። ባለ 18 ከሆነ 26 ስለሚመጣ 22 አይጎዳውም፤ ባለ 12 ከሆነ ግን የሚገባው 15 ነው፤ 22 ሲጫንበት መነሣት ይከብደዋል።

ከዚያ ይፈትኑት። የክሪስታሉ የራሱ ሬዚስታንስ 40 ኦም ከሆነ ከአንዱ እግሩ ጋር በተከታታይ ባለ 160 ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፤ ድምሩ አምስት እጥፍ ይሆናል። ደጋግመው አጥፍተው ሲያበሩት ሁልጊዜ ከተነሣ በቂ ትርፍ ጉልበት አለው ማለት ነው፤ ሬዚስተሩን አውጥተው ሜዳ ላይ ይትከሉት። ሲለኩ የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ክሪስታሉ ላይ አያሳርፉ፤ 10 ፒኮፋራድና ከዚያ በላይ ስለሚጨምር እንደ ጣትዎ ያሳስትዎታል። ክሎኩን በፒቢ0 እግር የሚያወጣውን ፊውዝ ከፍተው እዚያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ባለ 32.768 ኪሎኸርዝ ክሪስታልና ሁለት ባለ 10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ያለው ሰዓቴ በቀን 4 ሰከንድ ይቀድማል። የባሕር ዳር ሙቀት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ይህ ክሪስታል ከ25 ዲግሪ ወጣም ወረደም ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። ካፓሲተሮቹ አንሰውበት ነው፤ ክሪስታሉ ባለ 12.5 ፒኮፋራድ ከሆነ በባለ 18 ይተኳቸው።