መንገዱን «ዲግ አፕ» ሲያደርጉት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባልደረቦቼ «ዜይር ዲጊንግ አፕ ዘ ሮድ አጌን» ይላሉ። መዝገበ ቃላቱ ግን «ዲግ አፕ» የተደበቀ ወሬ ማውጣት ነው አለኝ።

ሁለቱም ልክ ነው፤ የሚለየው አብሮት ያለው ስም ነው። ምስጢር ከሆነ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ድንች ከሆነ ከአፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ መንገድ ከሆነ አስፋልቱን ሰብሮ መቆፈር ነው። ባልደረቦችዎ «ደግሞ መንገዱን ሊቆፍሩት ጀመሩ» ማለታቸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው መንገዱ ስለተበላሸ አይደለም፤ ከሥሩ የተቀበረውን የውሃና የጋዝ ቧንቧ፣ የመብራትና የስልክ መስመር ለመጠገን ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የመንገድ ሥራ ሕግ የቆፈረው ድርጅት መልሶ እንዲደፍን ያስገድዳል። ያም ሆኖ አንዱ ደፍኖ ሲሄድ ሌላው መጥቶ ይከፍተዋል፤ «አጌን» የምትለዋ ቃል ምሬት ያላት ለዚህ ነው። አስፋልት በአዲስ ማልበስ ብቻ ከሆነ «ሪሰርፌስ» ይባላል። እባክዎ «ዲግ አፕ»ን ለብቻው አይሸምድዱት፤ «ዲግ አፕ ዘ ሮድ» ብለው ሙሉውን ይያዙት።

«ዲግ አፕ ኢት» ብዬ ታረምኩ። ምን አጠፋሁ?

«ኢት» መሃል ይገባል፦ «ዲግ ኢት አፕ»። «ዘ ሮድ» ሲሆን ግን መሃልም መጨረሻም ያስኬዳል። ላለፈ ጊዜ «ዳግ አፕ» ነው።

የትራፊክ መልእክት ላይ «ዋን ሌን ኮንድ ኦፍ» የሚል አነበብኩ።

አንዱ መስመር በኮን (መንገድ ላይ በሚደረደር የፕላስቲክ ሾጣጣ) ታጥሯል ማለት ነው፤ የእንግሊዞች አነጋገር ነው። ከኋላ የሚፈጠረውን የመኪና ሰልፍ እነሱ «ቴይልባክ»፣ አሜሪካኖች «ባክአፕ» ይሉታል።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ዛፍ ልተክል ስል ጎረቤቴ «ኮል ቢፎር ዩ ዲግ» (ከመቆፈርህ በፊት ደውል) አለኝ። «አፕ» የት ሄደ?

እርስዎ ጉድጓድ ብቻ ስለሚቆፍሩ «ዲግ» ይበቃል፤ የተነጠፈ ነገር አይሰብሩም፣ የተቀበረም አያወጡም። የጎረቤትዎን ምክር ግን አይናቁት። 811 ሲደውሉ ባለሙያዎች በነፃ መጥተው መሬቱን ቀለም ይቀቡታል፦ ቀይ የመብራት፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ መስመር ነው። ምልክቱ ሳይደረግ አካፋ አያንሱ።